ለአራት አልጋ የተደረገ ጨዋታ

ሮቤ፣ ሰኞ የካቲት 20 ቀን 1964 ዓ.ም.

ይህን ደብተር የገዛሁት የኮሚቴውን ቃለ ጉባኤ ልጽፍበት ነበር። ግራዝማች ተክለማርያም ግን "ለቃለ ጉባኤ ጠንካራ ልባስ ያለው ይሁን እንጂ!" ብለው ሌላ አስገዙኝ። ይኸኛው ለኔ ተረፈ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሮቤ ጤና ጣቢያ ያለችው የመኝታ ክፍል አንዲት ናት። ትኩሳት የያዘውም፣ በሬ የወጋውም፣ ምጥ የያዛትም እዚያው ጎን ለጎን ነው የሚተኙት። የባሰባት ሴት ጎባ ትወሰዳለች፤ አሥራ አራት ኪሎ ሜትር። ቀን ከሆነ፣ ካልዘነበ፣ መኪናም ከተገኘ ደግ። ካልሆነ ግን የሆነው ይሆናል።

ባለፈው ጥቅምት አንዲት አዋላጅ ነርስ ተመድበውልናል፤ ሲስተር ወለተሥላሴ ይባላሉ። ማዋለጃ ቤቱን ግን እናንተው ሥሩ ተባልን። የስፖርት አስተማሪው ባዳሳ፣ "ሮቤና ጎባ እግር ኳስ ይጋጠሙ፤ ገቢው ለክፍሉ ይሁን" የሚል ሐሳብ አመጣ። ሁሉም ወደደው። ጾሙ ወጥቶ ሚያዝያ 22 እሁድ ይሁን ተባለ። ግራዝማች ሊቀ መንበር፣ ባዳሳ የጨዋታው ኃላፊ፣ እኔ ገንዘብ ያዥ።

"አንተ የማዘጋጃ ቤት ሒሳብ ጸሐፊ ነህ። ካንተ ሌላ ማን ሊሆን ነው?" አሉኝ።

እምቢ አላልኩም።

ግድግዳውን ሕዝቡ በጉልበቱ በእንጨትና በጭቃ ያቆማል። የሚገዛው ይህ ነው፦ ቆርቆሮ 44፣ አንዱ አምስት ብር ከሽልንግ፣ 242 ብር። ምስማር 18። አራት አልጋ 180። ፍራሽና ብርድ ልብስ 110። ለወለሉ ሲሚንቶ 90። በርና መስኮት 25። ድምር 665 ብር።

ባለቤቴ ሠርከአዲስ ደህና ናት። ግንቦት ውስጥ ነው ትላለች። ስለዚያ ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ።


እሁድ የካቲት 26

ሀጂ ዘይነዲን ሱቅ ሄጄ የቆርቆሮ ዋጋ ተከራከርኩ። ማለቴ፣ ልከራከር ተዘጋጅቼ ነበር።

"ለማን ነው?" አሉኝ።

ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

"ወላሂ፣ ከዚህ ትርፍ አልበላም። በገባበት ዋጋ አምስት ከሽልንግ ውሰድ፤ አሥራ ሁለቱ ደግሞ የኔ ሰደቃ ይሁን። መኪናዬም እሁድ ባዶዋን ነው የምትቆመው። ናፍጣዋን ቻሉና ተጫዋቾቹን ከጎባ ታምጣ፣ ትመልስ።"

አሥራ ሁለት ቆርቆሮ ማለት ስልሳ ስድስት ብር ነው። እየተቻኮልኩ ወጣሁ፤ ቶሎ ካልወጣሁ ሐሳባቸውን የሚቀይሩ መስሎኝ። ሞኝነት ነው። በቅጡ እንኳ አላመሰገንኳቸውም።

ስመለስ ሠርከአዲስ እንስራ ተሸክማ ከወንዝ ስትወጣ አገኘኋት። ተቆጣሁ። "ጎረቤት እያየ!" አለች። እንስራውን እኔ ተሸከምኩት። ከዛሬ ጀምሮ ውኃ በሳንቲም እናስቀዳለን።


ቅዳሜ መጋቢት 9

ስብሰባ። ግራዝማች የግብዣ ዝርዝር ይዘው መጡ። ከጨዋታው በኋላ ለክብር እንግዶችና ለሁለቱ ቡድኖች፦ አንድ ሰንጋ 130፣ አምስት በግ 70፣ ለጠጅ ማር 85፣ ዳስ 40። በጠቅላላ 325 ብር።

ቲኬቱን አስልቼዋለሁ። መቶ ወንበር በብር፣ ስምንት መቶ ሰው ቆሞ በስሙኒ። አንድ ሳይቀር ቢሸጥ ሦስት መቶ ብር ነው። እንግዲህ ጨዋታው ለግብዣው አይበቃም፤ አልጋውማ ይቅር።

ይህን ሁሉ ወረቀት ላይ ጽፌ በእጄ ይዤዋለሁ። ግራዝማች "ተቃውሞ ያለው?" አሉ። ወደኔም አዩ። እኔ ወረቀቱን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩ።

ፈሪ።

ባዳሳ ስንወጣ፣ "ፊትህ ሁሉን ይናገር ነበርኮ፤ አፍህ ብቻ ነው ዝም ያለው" አለኝ።


ሐሙስ መጋቢት 14

ከአጋርፋ ወዲህ ካለ መንደር አንዲት ሴት በቃሬዛ አመጡ። ሲምቦ ትባላለች። ስምንት ሰው እየተፈራረቀ ሌሊቱን ሙሉ ተሸክሟታል። አማቷ ኦቦ ጉርሜሳ፣ ረጅም ሽማግሌ፣ ፈረሱን እየሳበ ከኋላ ነበር። ጎባ ሊያደርሷት ነበር፤ ሲስተር ወለተሥላሴ "አትደርስም፣ እዚሁ አውርዷት" አሉ። አልጋዎቹ ሁሉ ተይዘው ነበርና ወለል ላይ አነጠፉላት። የታመሙት ሰዎች ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ።

እኔ እዚያ የሄድኩት የመሠረቱን ልክ ለመለካት ነበር። መለኪያ ገመዱን ይዤ እንደቆምኩ ቀረሁ።

ሲምቦ ትድናለች። ልጁ አልሆነም።

ኦቦ ጉርሜሳ የቆፈርነውን መሠረት እያየ "ይህ ምንድን ነው?" አለኝ። ነገርኩት። እንጨቶቹን አንድ በአንድ በዓይኑ ቆጠረና፣ "መቼ ያልቃል?" አለ። "ገንዘብ ሲገኝ" አልኩት።

ቤት ስገባ ለሠርከአዲስ ልደብቃት አስቤ ነበር። ቀድማ ሰምታለች። ራት አቅርባ ከጎኔ ተቀመጠች፤ ስለ ጎረቤታችን ስለ ወይዘሮ ሸዋርጋ ዶሮ አወራን።


ረቡዕ መጋቢት 20

ጎባ ደርሼ መጣሁ፤ በአውቶቡስ። የጎባ ቡድን አሠልጣኝ ጨዋ ሰው ነው። ማሊያቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ አንድ ኳስም ያውሱናል። ስለዚህ የምንገዛው አንድ ኳስ ብቻ ነው፤ ሃያ ሁለት ብር ተረፈ።

ስንመለስ ድልድዩ ላይ ዓይኔን ጨፈንኩ። አቧራ ነበረው።


እሁድ መጋቢት 24

ሲስተር ወለተሥላሴ ከቅዳሴ ስወጣ አስቆሙኝ።

"አቶ ገብረወልድ፣ ባለቤትዎ ትናንት እኔ ዘንድ መጥታ ነበር። እግሯ ትንሽ አብጧል። ከዚህ በፊት ያልሆኑትን ሁለቱንም እርግዝናዎች ነግራኛለች።"

"አዎ" አልኩ።

"በየሳምንቱ ትምጣ። ጨው ትቀንስ። ከባድ ነገር አታንሣ። እርስዎም ከአጠገቧ አይራቁ።"

"እሺ። ሲስተር፣ አልጋዎቹን ከአዲስ አበባ ከማስመጣት እዚሁ ብናሠራ ይሻላል?"

"የእንጨትም ይሆናል" አሉ። "ዋናው ሴቲቱ መተኛቷ ነው።"

ለምን እንዲያ እንዳልኩ አላውቅም። ሌላ ልጠይቃቸው ነበር የፈለግሁት።


ረቡዕ መጋቢት 27

አዲስ ጣጣ። ባዳሳ ሜዳውን በኖራ ሊያሰምር ወሰደኝ። ሜዳው ጥሩ ነው። ግን ከበላዩ ዳገት አለ፤ እዚያ የተቀመጠ ሰው ከወንበሩ ካለው ይልቅ አሳምሮ ያያል።

"ቲኬቱን ለማን ነው የምንሸጠው?" አለ ባዳሳ። "ማን ስሙኒ ከፍሎ ይቆማል፣ በነፃ ቁጭ ብሎ እያየ?"

"እንጠረው።"

"በምን? ሰማዩን ልናጥር ነው?"

በአቡጀዲ ብንጋርደው ስንት እንደሚፈጅ ጠየቅሁ። መቶ ስልሳ ብር። ተውነው።

የታተመው ቲኬት ዘጠኝ መቶ። የተሸጠው እስካሁን ሠላሳ አንድ።


ሰኞ ሚያዝያ 2

ትናንት ፋሲካ ነበር። ሠርከአዲስ ዶሮውን ቀመሰችና ተወችው። "ይሸተኛል" አለች። ያለሷ አልበላም ብዬ እኔም ተውኩት። ሳቀች። "ሁለታችንም ነን እንዴ ያረገዝነው?" አለች።

ስትስቅ ደስ ይላል። ከአራት ዓመት ወዲህ ብዙ አትስቅም።


ሐሙስ ሚያዝያ 5

ግራዝማች ቤት ሄድኩ። ብቻዬን። በሩ ላይ ሁለት ጊዜ ተመለስኩ፤ በሦስተኛው ውሻው ስለጮኸ መግባት ግድ ሆነብኝ።

እንዳለ ልጻፈው።

"ግራዝማች፣ ስለ ግብዣው ነው።"

"ምነው? አነሰ?"

"በዛ።"

እኔም ከጀመርኩ ወዲያ ማቆም አቃተኝ። "ሰንጋው ብቻውን ሃያ ሦስት ቆርቆሮ ነው። በጎቹ አሥራ ሁለት ቆርቆሮ ናቸው። ማሩ ሁለት አልጋ ሊሆን ትንሽ ነው የሚቀረው። ያገኘነውን ሁሉ እንበላውና ሴቶቹ ወለል ላይ ይቀራሉ።"

"ገብረወልድ!" አሉ። ድምፃቸው ከፍ አላለም፤ ከፍ ቢል ይሻለኝ ነበር። "አባትህን አውቃቸዋለሁ። እንግዳ በባዶ ሆዱ ከቤታቸው ሸኝተው አያውቁም። ጎባ ሄዶ 'ሮቤ ውኃ አጠጥቶ ሰደደን' ይበል?"

"ይበል ጌታዬ።"

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። እስካሁን አላመንኩም።

"ይበል፤ ክፍሉ ከቆመ ይበል። ለተጫዋቾቹ ዳቦና ሻይ እናቅርብ። እኔ ባለቤቴ..." አልኩ። አልጨረስኩትም። እጅ ነሥቼ ወጣሁ። ባርኔጣዬን እዚያው ረስቻለሁ፤ ተመልሼ አልወስደውም።


እሁድ ሚያዝያ 8

ዛሬ የግራዝማች አሽከር ባርኔጣዬን አመጣ። "ጌታዬ፣ ግብዣው ቀርቷል፤ ዳቦና ሻይ ይሁን ብለዋል።"

"ሌላስ ምን አሉ?"

አሽከሩ አቀርቅሮ፣ "ባለ ቆርቆሮው አሸነፈን አሉ" አለኝ።

በቤተ ክርስቲያን ሰላም አላሉኝም። ልክ ናቸው። ሽማግሌ ደፍሬያለሁ። ያም ሆኖ 325 ብሩ ተረፈ።


ዓርብ ሚያዝያ 13

ማሊያ አርባ ዘጠኝ ብር ከሽልንግ ተባለ። ባዳሳ እምቢ አለ። እያንዳንዱ ተጫዋች ነጭ ካናቴራውን ከቤቱ አመጣ፤ ሦስት ብር ከሽልንግ ሰማያዊ ቀለም ገዛን፤ ትምህርት ቤቱ ግቢ በበርሜል ነከርናቸው። የባዳሳ እጅ እስከ ክርኑ ሰማያዊ ነው። ሠርከአዲስ አየችውና "ቀለሙ ይለቃል፣ ጨው ጨምሩበት" አለች። የሰማት የለም።

እግሯ ዛሬ ጎደል ብሏል። እኔ ነኝ የማሽላት።


ረቡዕ ሚያዝያ 18

ገበያ ቀን። በሥራ ላይ ሳለሁ አንድ ረጅም ሰው ቢሮዬ በር ላይ ቆመ፤ ኦቦ ጉርሜሳ! "አከም ጅርታ፣ ኦቦ ገብረወልድ?" ተቃቀፍን።

ሲምቦ ተነሥታለች፤ ወተት ታልባለች። እሱ የመጣው ስለ ጨዋታው ነው።

"ኳስ አላውቅም" አለኝ። "ሃያ ሁለት ሰው አንድ ነገር ሲያባርር ምን ደስ እንደሚል አልገባኝም። ፈረስ ግን አውቃለሁ። ኳሰኞቹ ሲያርፉ የኛ ልጆች ይጋልቡ። ያለ ክፍያ አይጋልቡም ታዲያ!"

"ስንት ይፈልጋሉ?"

"አይ! እነሱ ናቸው የሚከፍሉት። መሮጥ የፈለገ አንድ ጆንያ ገብስ ጭኖ ይመጣል። ገብስ ያላመጣ ፈረሱን ይዞ ይቁም።"

"ገለቶማ" ብዬ አመሰገንኩት። እጄን በሁለት እጁ ይዞ፣ "ለሲምቦ አይደለም፤ የሲምቦ አልፏል። ለምትመጣው ነው" አለኝ።


ቅዳሜ ሚያዝያ 21

ዝናብ። ከጧት ጀምሮ።
ኖራው ታጠበ። እንደገና አሰመርን። እንደገና ታጠበ።
የተሸጠ ወንበር 71። መቆሚያ 90።
ሠርከአዲስ ወገቤን ትላለች። ሲስተር "ገና ነው" አሉ። ገና ነው።
አምላኬ ሆይ፣ ነገ ብቻ ያባራ።


እሁድ ሚያዝያ 22፣ ሌሊት

እንቅልፍ አይወስደኝም፤ ሁሉንም ልጻፈው።

ሲነጋ ጉም ነበር፤ ግቡ ከግቡ አይታይም። አራት ሰዓት ላይ ተገፈፈ። የሀጂ ዘይነዲን መኪና ጎባዎችን እየዘፈኑ አመጣቻቸው። ወንበር ላይ ሰባ አንድ ሰው ተቀመጠ። መቆሚያው ላይ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ከፈለ። ሃምሳ ሦስት ብር። ከዚያ ቀና ብዬ ዳገቱን አየሁ።

ዳገቱ ሰው ብቻ ነበር። ሺህ ይሆናል፤ ከዚያም ይበልጣል። ነጠላ፣ ጋቢ፣ ጃንጥላ፣ ሕፃን ያዘለች፣ በቅሎ የያዘ። ከአጋርፋ የመጣ አለ፣ ከገሰራ የመጣ አለ። ሁሉም በነፃ። ባዳሳ ያስጠነቀቀኝ ሁሉ ሆነ። ኳሱ ሲጀመር እንኳ አላየሁም፤ የገንዘብ ሳጥኑን ታቅፌ ዳገቱን ብቻ ነበር የማየው።

ሠርከአዲስ ወይዘሮ ሸዋርጋን ይዛ መጥታለች። እንዳትመጣ ብያት ነበር። ሲስተር ወንበራቸውን ለቀውላት ተቀምጣለች፤ እጇ ሆዷ ላይ ነው።

ሃያ ደቂቃ ያህል እንደተጫወቱ ካፊያ ጀመረ። የሮቤ ልጆች ካናቴራ ቀለሙን ለቀቀ። መጀመሪያ አንገታቸው፣ ቀጥሎ ክንዳቸው፣ ኋላም የነካቸው የጎባ ተጫዋች ሁሉ ሰማያዊ ሆነ። ዳኛው ማን የማን እንደሆነ መለየት አቃተው። ሕዝቡ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሠርከአዲስ ጨው ብያችሁ ነበር እያለች ትስቃለች፤ ከሩቅ አፏን አይቼ አወቅኩ።

በእረፍት ጊዜ ፈረሶቹ ገቡ። አሥራ ዘጠኝ ፈረስ፣ አሥራ ዘጠኝ ጆንያ ገብስ። ጆንያዎቹን ከወንበሮቹ ፊት ደረደሯቸውና ጋለቡ። ጭቃው እየተረጨ ምድሩ ይንቀጠቀጣል። ኦቦ ጉርሜሳ ራሱ አልጋለበም፤ ገብሶቹን ይጠብቅ ነበር።

ከዚያ ያላሰብኩት ሆነ። ግራዝማች ከክብር ወንበራቸው ተነሡ። የሚሄዱ መስሎኝ ደነገጥኩ። እሳቸው ግን ካባቸውን ሰብስበው፣ በጭቃው ላይ፣ ሰባ ዓመት አልፏቸው፣ ዳገቱን ይወጡ ጀመር። አሽከሩ ሊደግፋቸው ቢሮጥ በዘንጋቸው መለሱት። መካከል ደርሰው ቆሙ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሰው ሁሉ ዝም አለ፤ ግራዝማችን ራሳቸውን ገልጠው ያየ የለማ፣ ከቤተ ክርስቲያን በቀር።

"የሮቤ ሰው!" አሉ። "እኔ ለምኜ አላውቅም። ሳዝ፣ ስሰጥ፣ አንዳንዴም ስከለክል ነው የኖርኩት። እናቴ እኔን ወልዳ ሦስት ቀን አልቆየችም። ይህን ለማንም አውርቼው አላውቅም። ዛሬ ስለሷ እለምናችኋለሁ። ያለው ይስጠኝ። የሌለው ይመርቀኝ።"

አንድ ሰው በኦሮምኛ ተረጎመው፤ አብዛኛው ግን ሳይተረጎም ገብቶት ነበር። ባርኔጣውን ዘርግተው ከሰው ሰው ይሄዱ ጀመር። ስሙኒ፣ አሥር ሳንቲም፣ ሽልንግ። ባርኔጣው ሲሞላ አሽከሩ ጋቢውን ዘረጋ። አንዲት ሴት ዶሮዋን ሰጠች። አንዷ በቅል ቅቤ። አንድ ሽማግሌ ዘንጉን ሰጠ፤ "ከዚህ በቀር የለኝም" ብሎ። ግራዝማች ዘንጉን ተቀብለው፣ ስመው፣ መልሰው በእጁ አስያዙት።

ወርደው ወደኔ መጡ። ካባቸው እስከ ጉልበት ጭቃ ነው። ባርኔጣውን ሳጥኔ ላይ ገለበጡት።

"ቁጠር፣ ባለ ቆርቆሮ" አሉኝ።

እጃቸውን ልስም ጎንበስ ስል ትከሻዬን ይዘው አቀኑኝ። "ያን ሐሙስ ቤቴ መጥተህ ያልጨረስከውን ነገር ባለቤቴ ጨርሳ ነገረችኝ። ልጅህን እግዜር ያሳድግልህ።"

ጎባ ሁለት ለአንድ አሸነፈ። ባዳሳ አለቀሰ። ሰማያዊ እንባ!


ማክሰኞ ሚያዝያ 24

ሒሳቡ ይህ ነው። ወንበር 71። መቆሚያ 53። ዳገቱ 187 ከ35 ሳንቲም። ገብሱ በአሥራ ሁለት ብር ሒሳብ 228። ዶሮ፣ ቅቤና ሌላው በጨረታ 41። ከጎባ እንግዶች መዋጮ 60። ገቢ 640 ብር ከ35። ወጪ፦ ኳስ 22፣ ቀለም 3 ከ50፣ ገመድና ኖራ 14፣ ናፍጣ 16፣ ዳቦና ሻይ 9። ድምር 64 ከ50። የተጣራ 575 ብር ከ85።

ከሀጂ ስጦታ በኋላ የሚያስፈልገው 599 ነው። ሃያ ሦስት ብር ከአሥራ አምስት ሳንቲም ጎደለ። የበሩና የመስኮቱ ዋጋ መሆኑ ነው። ኮሚቴው በሩ ይቆይ፣ ጣራውና አልጋው ይቅደም አለ። ልክ ነው። ግን ከፋኝ።


ቅዳሜ ግንቦት 12

ጣራው ወጣ! ሀጂ ዘይነዲን ራሳቸው መሰላሉን ይዘው ነበር። የመጨረሻው ምስማር ሲመታ ዝናብ መጣ፤ ሁላችንም ውስጥ ገብተን ቆምን። አንዲትም ጠብታ አልገባችም።

አራቱን አልጋ ዛሬ አስገባን። በር የለውም። ቢሆንም ክፍል ነው።

ሠርከአዲስ መጥታ አየችው። በአልጋዎቹ መካከል ቀስ ብላ ሄደች። ጥግ ያለውን በእጇ ተጫን አደረገችና ወደኔ ሳታይ፣ "ይኸኛው ከነፋሱ ይርቃል" አለች።


እሁድ ግንቦት 20

ትናንት ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ጀመራት። በእግሯ ነው የሄደችው፤ እኔ ክንዷን ይዤ። ሁለት መቶ ርምጃ ነው። መኪና አልፈለግንም። ድልድይ አልተሻገርንም። ከአራት ዓመት በፊት ነሐሴ ላይ በጭነት መኪና ተሳፍረን ጎባ ስንሄድ ድልድዩ ላይ ጎማው ሰመጠ፤ ሁለተኛው ልጃችን እዚያ ነው የቀረው። ይህን ጽፌው አላውቅም።

ዝናቡ ከሰሜን በኩል ይመታ ነበር፤ በር በሌለው በኩል። ውኃው እስከ አልጋው እግር ገባ። ሲስተር "አንድ ነገር ጋርዱልኝ!" ብለው ጮኹ። ጋቢዬን አውልቄ በበሩ ላይ ዘረጋሁ። የሚሰቀልበት ምስማር የለም። አንዱን ጫፍ በቀኝ፣ አንዱን በግራ እጄ ይዤ፣ ፊቴን ወደ ዝናቡ አድርጌ ቆምኩ።

ትንሽ ቆይቶ እጄ ዛለ። ግራዝማች በዚያ ሲያልፉ አይተውኝ መጡ። ግራውን ጫፍ ያዙ። ሁለታችንም ጀርባችንን ለክፍሉ ሰጥተን፣ ዝናብ እየወረደብን ቆምን። ከኋላችን የሚሰማውን ሰማን። እሳቸው ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። እኔ መጸለይ አልቻልኩም።

ከምሽቱ አንድ ሰዓት ሲሆን ዝም አለ። ያን ዝምታ አውቀዋለሁ። ወደ ውስጥ ልዞር ስል ግራዝማች በአንድ እጃቸው ጋቢውን፣ በአንድ እጃቸው እኔን ያዙ።

ከዚያ አለቀሰች። ትንሽዬዋ። ቆጣ ያለ ድምፅ ነው፤ ማን ቀሰቀሰኝ የምትል ይመስላል።

"ሴት ናት!" አሉ ሲስተር። "እናቲቱም ደህና ናት። እንዳትገቡ፤ ጋቢውን እንዳትለቁ!"

አልለቀቅንም።


ረቡዕ ግንቦት 30

ዛሬ ሠርከአዲስ ልጅቷን አጥብታ ካስተኛቻት በኋላ፣ "በየጊዜው የምትጽፍበትን ደብተር አንብብልኝ" አለችኝ። ሌላ ሰው ቢሆን አላነብም ነበር።

ከመጀመሪያው ጀምሬ አነበብኩላት። በቀለሙ ሳቀች። በግራዝማች ቦታ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አደረገች። ስጨርስ፣

"አለቀ?" አለች።

"አለቀ።"

"እኔ የለሁበትማ!"

"እንዴት የለሽበትም? ስምሽ በየገጹ አለ።"

"ስሜማ አለ። ሠርከአዲስ ደህና ናት፤ ቆርቆሮ አምስት ብር ከሽልንግ። ሠርከአዲስ ወገቧን አማት፤ የተሸጠ ወንበር ሰባ አንድ።" ሳቀች፤ ግን እየሳቀች እጄን ያዘችኝ። "እኔኮ ከጎንህ ነው የምተኛው። ሌሊት እጅህን ሆዴ ላይ አድርገህ፣ ልጅቷ እስክትንቀሳቀስ ትጠብቅ ነበር። ስትንቀሳቀስ ትተነፍስ ነበር። እኔ ያላወቅሁ መስሎህ። ይህን የት ጻፍከው?"

"ይህማ ሒሳብ አይደለም።"

"ጻፈው። አድጋ ስታነበው አባቷ ቆርቆሮ ነጋዴ እንዳይመስላት።"

እሺ።

ፈርቼ ነበር። ከየካቲት ጀምሮ በየቀኑ ፈርቼ ነበር። ለሮቤ ሴቶች ሁሉ ብዬ ደከምኩ ስል ውሸት አይደለም፤ መጀመሪያ ግን ለአንዲቱ ነበር። እሷን ባጣ ምን እንደምሆን ላስበው ስላልቻልኩ ምስማር እቆጥር ነበር። ሲስተር ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ያስቆሙኝ ቀን ልጠይቃቸው የፈለግሁት፣ "ትተርፍልኛለች?" የሚለውን ነበር።

ይህን ጽፌ አነበብኩላት።

"አሁን ልክ ነው" አለችና፣ ልጅቷን ወደ ደረቷ አስጠግታ፣ ለኔም ቦታ ትታልኝ ተኛች።